ሦስት ጣት

እህቷ ጎንበስ ብላ፣ "እዚህ ጥግ ብርድ ይመታሻል፣ ነይ ሶፋው ላይ አረፍ በይ" አለቻት፤ እንዲህ ስትላት ሦስተኛ ጊዜዋ ነው። ሴትዮዋ የሹራቧን እጅጌ ሳበችና ወንበሯን ይበልጥ ወደ ግድግዳው አስጠጋች።

ባሏ ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ቤቱ ሰው አላጣም። አንዱ ሲነሳ ሌላው ይቀመጣል፣ ሁሉም ያንኑ ይጠይቃል፣ እሷም ያንኑ ትመልሳለች፤ ጠዋት የጫማውን ክር እያሰረ ነበር፣ ከዚያ ቀና አላለም። አሁንማ አፏ ብቻውን ነው የሚያወራው። ሐሳቧ ያለው ከጀርባዋ፣ ማዕዘኑ ላይ ነው።

ሟች ግንበኛ ነበር። የሥራ ጓደኞቹ "ውሃልክ" ይሉታል፤ እሱ በዓይኑ ያየው ግድግዳ ሌላ መለኪያ አያሻውም ተብሎ ተወርቶለታል። እነሱው ከፊቷ በሁለት ረድፍ ተቀምጠው፣ ልጇ የምታዞረውን ሻይ እየጠጡ፣ እንደ ልማዳቸው ጣሪያውንና የበሩን መቃን በዓይናቸው ይለካሉ። የዚህ ቤት አንዱ ማዕዘን ግን ሦስት ጣት ተንጋድዷል። ያን ግድግዳ ሲገነባ እሷን እዚያው ግቢ፣ ቆርቆሮ መጠለያ ውስጥ ምጥ ይዟት ነበር። ባቃሰተች ቁጥር ከመሰላሉ እየወረደ፣ ደግሞ እየወጣ፣ ሳይታወቀው ተንጋደደበት። ላፍርሰው ሲል፣ "ልጅቷን ቆርቆሮ ውስጥ ላሳድጋት ነው?" ብላ የከለከለችው እሷ ናት። ቁምሳጥን ገተሩበትና ሠላሳ ዓመት ማንም ሳያየው ኖረ።

ባለፈው ወር ጉልበቷን ብርድ ሲጫወትበት፣ በማገዶ የሚሠራ የብረት ምድጃ ሊተክልላት ቆረጠ። ለጭስ ማውጫው የሚመቸው ያው ጥግ ብቻ ሆነ። ቁምሳጥኑን ገፋው። የወለሉን ጣውላ እሳት እንዳያገኘው ከሥር የድንጋይ መደብ፣ ከኋላ የጡብ መከለያ፤ ምድጃው ደግሞ ከሁለቱም ግድግዳ አንድ አንድ ክንድ ይርቃል። ሁሉንም በጠመኔ ወለሉ ላይ ነደፈው። በሞተበት ዋዜማ፣ "ነይ እስቲ፣ የመለኪያውን ክር ጫፍ ያዢልኝ" ሲላት፣ "ደክሞኛል፣ ነገ" አለችው። ያቺ ነገ ሆዷን ትበላዋለች። ቢያንስ ስሙን ልጠብቅለት ብላ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ጥጉን በጀርባዋ ሸፍና ተቀምጣለች።

ከሰዓት በኋላ ድንጋይ ጠራቢው መጣ። እሱና ሟች ሲገናኙ የሚሰዳደቡ፣ ሲለያዩ የሚፈላለጉ ጓደኛሞች ነበሩ። እጇን ጨበጣትና ከፊቷ ቁጢጥ አለ።

"እህት ዓለም፣ እስቲ ፈቀቅ በይልኝ።"

"ተመችቶኛል" አለችው።

ድምፁን ዝቅ አደረገ። "የመደቡ ድንጋይ መኪናው ላይ ነው። ቆርጬ ጨርሻለሁ።"

"ማን አዘዘህ?"

"ማን ያዝዘኛል፣ እሱ ነዋ። አንዱን ጎን ሦስት ጣት አጥብበው አለኝ። አንተም እንደ ሰው ትሳሳታለህ እንዴ ብዬ ሳቅኩበት። እሱ ግን፣ ልጄ የተወለደች ቀን ነው የሠራሁት፣ ቀጥ ብሎ ቢሆን ነበር የማፍረው አለኝ። እነዚህም ሁሉ ነበሩ፣ ሰምተዋል።"

ቀና ብላ ግንበኞቹን አየች። አንዳቸውም ወደ ጥጉ አይመለከትም፤ የሻይ ብርጭቋቸውን አቀርቅረው ያያሉ። ለካ እያወቁ እንዳላወቁ ሆነው ነው የሰነበቱት።

ያኔ እንባዋ መጣ። በቀብሩም ዕለት እንዲህ አላለቀሰችም። ሲወጣላት ተነሳች፤ ወንበሯን ራሷ ተሸክማ እህቷ አጠገብ አኖረችው። ጠራቢው የጠመኔውን መስመር አየት አድርጎ ከኪሱ ክር አወጣ። የሚይዝለት ሰው ለመፈለግ ዞር ሲል፣ "አምጣ" አለችው።

በሚያማት ጉልበቷ ወለሉ ላይ ተንበረከከችና የክሩን ጫፍ ከተንጋደደው ማዕዘን ሥር በአውራ ጣቷ ተጭና ያዘች።