ስድስት ዲግሪ

ፍሪጅ ጠጋኟን በስሟ የሚጠራት አልነበረም፤ ሰው ሁሉ «በረዶ» ነበር የሚላት። ስሙን ያወጣላት አንድ ሥጋ ሻጭ ነው። አንድ የሙቀት ሰሞን የማቀዝቀዣ ክፍሉ ቀጥ ብሎበት፣ ሥጋው ሊሸት ምንም ሳይቀረው መጥታ በግማሽ ቀን አስነሣችለት። ከዚያ ወዲህ «ያቺን በረዶዬን ጥሩልኝ» ማለት ለመደ፤ ሰፈሩም ተቀበለው። እሷም ሳትወድ አልቀረችም። አርባ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ትዳር ሞክራ ትታዋለች፤ ሙቀት ሲመጣ ደግሞ ምሳ የምትበላው መሰላል ላይ ቆማ ነው።

አንድ ጠዋት፣ ሱቋን ገና ከመክፈቷ፣ አባቷ መድኃኒት ከሚወስድበት ክሊኒክ ነርሷ ደወለች።

«የአባትሽ ስኳር አልወርድ ብሎኛል» አለቻት። «መጠኑን ሁለት ጊዜ ጨመርኩለት፣ ወይ ፍንክች! ኢንሱሊኑን የት ነው የሚያስቀምጠው?»

«ፍሪጅ አለው።»

«ይቀዘቅዛል?»

በረዶ ይህን ጥያቄ በቀን ዐሥር ጊዜ ሌላውን ሰው ትጠይቃለች፤ እሷን ግን የጠየቃት ሰው አልነበረም።

እንዲያውም አባቷ ነግሯት ነበር። ሙቀቱ እንደጀመረ ሰሞን ደውሎ «ልጄ፣ ይሄ ፍሪጅ ለግሟል» አላት። ሥጋ ሻጩ ጋ መሰላል ላይ ነበረች። «ዘመም ብሎ ቆሞ ይሆናል አባዬ፣ ደልድለው» ብላ ዘጋችው። በሳምንቱ ሲደውል «በሩን ቶሎ ቶሎ አትክፈተው» አለችው። ሦስተኛ ጊዜ ሲደውል እጇ ዘይት በዘይት ነበርና አላነሣችም። መልሳ ልትደውል፣ ነገ ነገ ስትል ሁለት ወር ሄደ።

የዚያኑ ዕለት ሱቁን ዘግታ፣ የዕቃ ሣጥኗን አንጠልጥላ ተነሣች። በመንገዷ ክሊኒኩ ጎራ ስትል ነርሷ አዲስ መድኃኒት በክትባት ማመላለሻ ሣጥን፣ በበረዶ ከብባ ሰጠቻት። «ይሄ በረዶ ቢበዛ ቢበዛ ሦስት ቀን ነው የሚቆየው» አለቻት። «ከዚያ በኋላ ፍሪጁ ካልተቀበለው ደከምሽ። ከስምንት ዲግሪ በላይ እንዳይሆን።»

አባቷ አርባ ዓመት የውሃ ቁፋሮ ድርጅት ሾፌር ነበር። የቁፋሮ ሠራተኞች የሚያድሩበትን ተጎታች ቤት ከመኪናው ኋላ እየጎተተ አገር ለአገር ዞሯል። ጡረታ ሲወጣ ቤቱም አርጅቶ ነበርና ድርጅቱ «ውሰደው» አለው። ሚስቱ ስትሞትበት የኪራይ ቤቱን ለቀቀና እዚያው ገባ፤ የተዘጋ ጠጠር ማምረቻ አጠገብ፣ አንድ ዛፍ በሌለበት ሜዳ ላይ። በረዶ «ከእኔ ጋ ና» ብላ ለምናው ነበር። «ቤቴ ጎማ አለው፤ ያንቺ አለው?» ብሎ አሾፈባት። እሷም ተቀይማ ሁለት ዓመት ሙሉ በስልክ ብቻ ሲጠያየቁ ኖሩ።

ስትደርስ በሩን ተደግፎ ቆሞ ነበር። ከስቷል። በዚያ ሙቀት ከነጠላ ጫማው ሥር ወፍራም ካልሲ አድርጓል። ሽማግሌ ብርድ አያጣም ብላ አለፈችው።

«ምን እግር ጣለሽ?»

«ፍሪጅህ ለግሟል ሲሉ ሰምቼ።»

«እኔ ስልሽ ያልሰማሽውን ሰው ሲልሽ መጣሽ?» አለ፤ ግን ፊቱ በርቶ ነበር። ትከሻዋን አቅፎ ሳማት።

በብርጭቆ ውሃ ውስጥ ቴርሞሜትር ከታ ፍሪጁ ውስጥ አስቀመጠችና ሰዓት ጠብቃ አየችው። ዐሥራ ዘጠኝ። ከመደርደሪያው አንዱን የመድኃኒት ጠርሙስ አንሥታ ወደ ብርሃኑ አዞረችው። እንደ ውሃ መጥራት የነበረበት ነገር ደፍርሶ፣ ውስጡ ክር ክር የሚል ነገር ይዋኛል።

«ይሄን ነው የምትወጋው?»

«ጠዋትና ማታ። አንድ ቀን አላጓደልኩም» አለ ኮራ ብሎ። ጠርሙሱን ወደ እሱ ስታዞረው ገባው። «ውሃ ነበር በይኛ?»

«ውሃስ ንጹሕ ነው አባዬ።»

ጠርሙሶቹን በሙሉ ጣለቻቸውና ከሣጥኑ አዲሱን አውጥታ በደንቡ ወጋችው። ከዚያ እጅጌዋን ሰበሰበች።

የተጎታች ቤት ፍሪጅ እንደ ቤት ፍሪጅ ሞተር የለውም። ከሥሩ ትንሽ የጋዝ እሳት ይነድዳል፤ በዚያ እሳት ኃይል ነው ውስጡ የሚቀዘቅዘው። ከውስጥ የጠባውን ሙቀት በጀርባው መትፋት አለበት። ከታች ባለው መስኮት ነፋስ ይገባል፣ ሙቀቱን ይዞ በጣሪያው ይወጣል። ነፋስ ከሌለ፣ ግድግዳውም ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ከጠጣ፣ የተፋውን ሙቀት መልሶ ይውጠዋል። በረዶ ይህን ከእንቅልፏ ቢቀሰቅሷት ትናገረዋለች። በስልክ ግን «ደልድለው» ብላ ነበር።

የመጀመሪያውን ቀን በጥላሸት አሳለፈች። የጭስ መውጫውን በሽቦ ብሩሽ ፈትጋ፣ የእሳቱን አፍ ጠርጋ ነበልባሉን ከቢጫ ወደ ሰማያዊ መለሰችው። የበሩን ጎማ በሞቀ ውሃ አጥባ ወረቀት አስነክሳ ሞከረችው። ውሃ ልኳን ወለሉ ላይ ብታስቀምጥ ቤቱ ወደ ጎን አዘምሟል፤ በክሪክ አንሥታ ከጎማው ሥር ጣውላ ወተፈችበት።

አባቷ ወንበሩን አውጥቶ በቤቱ ጥላ ውስጥ ተቀምጦ ያዛታል። «ትንሽ ወደ ግራ! እ... አሁን ቁሚ! እናትሽን እንዲህ ባሠለጥናት ኖሮ ረዳት አልቀጥርም ነበር።»

«እማዬማ ክሪኩን ራስህ ላይ ነበር የምትጥለው።»

«እሱስ እውነት ነው።»

ሁለቱም ሳቁ። እንዲህ ከሳቁ ስንት ጊዜ ሆናቸው? በረዶ ፊቷን አዙራ ጥላሸቱን በክንዷ ጠረገች።

በማግስቱ ጠዋት ቴርሞሜትሩ ዐሥራ አራት አለ። ጥሩ ነበር፤ ፀሐይዋ ከፍ ስትል ግን ወደ ዐሥራ ሰባት ተመለሰ። ፍሪጁ ባለበት ጎን ከጣሪያው ጀምሮ ሸራ ወጠረች፤ ሸራውና ግድግዳው መካከል ነፋስ እንዲያልፍ አንድ ክንድ አራቀችው። የጀርባውን መስኮት ስትፈታ ደግሞ ዋናውን ጥፋት አገኘችው። ሙቀቱን በሚተፉት የፍሪጁ ቧንቧዎችና በግድግዳው መካከል ሰፊ ባዶ ቦታ አለ፤ የሚገባው ነፋስ ቧንቧዎቹን ሳይነካ በባዶው በኩል ሽው ብሎ ይወጣል። ሲሠራ ጀምሮ እንዲህ ነበር። አባቷ አርባ ዓመት ሙሉ ሙቀት በመጣ ቁጥር ሲያማርርበት የኖረው የፍሪጁ በሽታ ይኸው ነበር።

አሮጌ በርሜል ቀድዳ ላሜራ አወጣች፤ ቆርጣና አጥፋ ባዶውን ቦታ ዘጋችበት፤ አሁን ነፋሱ ወደደም ጠላም በቧንቧዎቹ መካከል ማለፍ ሆነበት። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሁለት ትንንሽ ማራገቢያዎች ከላይ ገጥማ ከቤቱ ባትሪ ጋር አገናኘቻቸው፤ ሙቀቱን ወደ ጣሪያው ይገፉት ጀመር። እጇን ጣሪያው ቀዳዳ ላይ ብታደርግ የምድጃ ትንፋሽ መሰላት። በደስታ ብቻዋን ሳቀች።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ ጠጠሩ ላይ ዕንቁላል የሚጠበስ በሚመስልበት ሰዓት፣ ብርጭቆውን አወጣች። ስድስት። ማመን አቅቷት እንደገና ከታ ጠበቀች። ስድስት። የክትባት ሣጥኑ ውስጥ የቀረው በረዶ የጣት ያህል ነበር። ጠርሙሶቹን አውጥታ በመሐለኛው መደርደሪያ ላይ ደረደረቻቸውና በሩን ቀስ ብላ ዘጋችው።

«አባዬ! ስድስት ገባ!»

አልመለሰም። ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ወስዶት ነበር። አንድ ነጠላ ጫማው ወልቆ ወድቋል፤ ካልሲው ላይ ዝንቦች ሰፍረዋል። ልታባርራቸው ጎንበስ ስትል ሽታው መታት። ሥጋ ሻጩ ክፍል ውስጥ ሁለት ሦስት ጊዜ ያሸተተችው ሽታ ነው።

ካልሲው ከቆዳው ጋር ተጣብቋል። ውሃ አርከፍክፋ ቀስ እያለች ስታወልቀው ነቃ። ሦስት ጣቶቹ ከሰል መስለዋል፤ ጥቁረቱ ወደ ውስጥ እግሩ እየሄደ ነው።

«አያምህም?»

«ምንም አይሰማኝም። ምስማር ረግጬ ነው፤ ሙቀቱ እንደጀመረ ሰሞን።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

አባቷ ወደ ሜዳው ተመለከተ። «በሦስተኛው ስልክ ልነግርሽ ነበር» አለ። ሊወቅሳት አልነበረም፤ ሰዓት እንደሚነግር ሰው ነበር የተናገረው። «ከዚያ ሥራ በዝቶባታል ብዬ ተውኩት። ፍሪጁ ስንት ገባ አልሽኝ?»

«ስድስት።»

«ይገርማል» አለ፤ ከልቡ ተደስቶ።

መንገድ ላይ ያስቆመችው አንድ አሸዋ ጫኝ ሾፌር አባቷን በድሮ ሙያው ያውቀው ነበርና «ጋሼ፣ ይግቡ» ብሎ ከነልጁ ጋቢና አስገብቶ ከተማ አደረሳቸው። ሆስፒታል ውስጥ መጀመሪያ ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ቆረጡት፤ ቁስሉ አልድን ሲል ከጉልበቱ በላይ። ሐኪሙ በረዶን ለብቻዋ ጠርቶ ኩላሊቶቹም ብዙ እንደማያስኬዱት ነገራት። ሲወጣ ቤቷ ወሰደችው፤ አልተከራከራትም። ቢከራከራት በወደደች ነበር።

ተጎታቹ ቤት ሜዳው ላይ ቀረ። ጋዙ በወሩ አልቆ ይሆናል፤ ሄዳ አላየችም።

ሊጠይቅ ለሚመጣ ሁሉ አባቷ ስለ ፍሪጁ ያወራል። «አርባ ዓመት ያቃተንን በሦስት ቀን! ከዐሥራ ዘጠኝ ስድስት አስገባችው!» ይላል እጁን ወደ ታች እያወረደ። ጠያቂዎቹም «ጎበዝ ልጅ አለችህ» ይሉታል። በረዶ ያን ጊዜ ዕቃ ለማጠብ ትነሣለች። ቢወቅሳት፣ አንድ ቀን እንኳ ቢቆጣት፣ የምትመልሰው ነገር ይኖራት ነበር።

ክረምት መግቢያ ላይ የግራ እግሩም ጣቶች መጥቆር ጀመሩ። ዓይኑም ደክሞ ሰው የሚለየው በድምፅ ሆነ። ነርሷ አንድ ቀን ልትጠይቀው መጥታ፣ ስኳሩን ለክታ፣ ቁስሉን አጥባ ስትወጣ በረዶ እስከ ደጅ ሸኘቻትና በሩን ከኋላዋ ዘጋችው።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ። መጀመሪያ የደወለልኝ ቀን ሄጄ ቢሆን ኖሮ?»

ነርሷ ቦርሳዋን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረች። መዋሸት እንደምትችል ፊቷ ላይ ይነበብ ነበር።

«እግሩ ይተርፍ ነበር» አለች።

«አመሰግናለሁ።»

ደረጃውን እስክትወርድ ጠብቃ ገባች። አባቷ ፊቱን ወደ በሩ ድምፅ አዞረ።

«ምን አለች?»

«ደህና ነው አለች።»

«እሺ» አለ። «በይ ጎኔን አዙሪኝ፣ ደንዝዟል» አላት።

አንድ እጇን ከትከሻው ሥር፣ አንዱን ከወገቡ ሥር አስገብታ አዞረችው። እየቀለለ ነበር።