መንገዱ ያለፈበት ሳሎን

ምድርን ከመዘርጋቱ አስቀድሞ ዳርቻዋን ያወቀ፣ ዘመናትንም በመዳፉ የያዘ እግዚአብሔር ይህን ነገር ገና ሲጠነሰስ ያየው ነበር፤ ሰው ግን ያወቀው በትንሣኤ ዋዜማ ነው።

በሩቅ ምሥራቅ፣ ከላጉና ሐይቅ በስተደቡብ፣ ሩዝ ይበቅልበት በነበረ ማሳ ላይ፣ አዲስ የመኖሪያ ሰፈር ተቆረቆረ። ማሳውን የለካ፣ ችካሉን የተከለ፣ የቤት መሥሪያ ቦታዎቹንም የሸነሸነ ኢንጂነር ኤሊሴዮ ነው፤ እርሱም ከሚስቱ ከፌሊሳ ጋር በዚያው ሰፈር ይኖራል። ከሰፈሩ መግቢያ ሁለት መንገዶች ይነሣሉ። የላይኛው እስከ ጸሎት ቤቱ ይደርሳል። የታችኛው ግን የኤሊሴዮ ደጃፍ ላይ ሲደርስ ያከትማል፤ ከቤቱ ጀርባ ካለው ግንብ ማዶ የጸሎት ቤቱ ግቢ ነው።

በዚያ አገር በትንሣኤ ማለዳ ወንዶች የተነሣውን ጌታ ምስል ተሸክመው በአንድ መንገድ፣ ሴቶች ደግሞ ጥቁር መሸፈኛ የለበሰችውን እመቤታችንን ተሸክመው በሌላ መንገድ ይመጣሉ። እናትና ልጅ ሲገናኙ፣ መልአክ መስላ የለበሰች ሕፃን ያንን የኀዘን ልብስ ታነሣላታለች። ሰፈሩ የመጀመሪያውን ትንሣኤ ሊያከብር ሲሰናዳ፣ ነዋሪው በጸሎት ቤቱ ግቢ ተሰበሰበ።

«የእኛ መንገድ የቱ ነው?» አሉ የሴቶቹ አለቃ እማማ ሩፊና። «በላይኛው ከሄድን ከወንዶቹ ኋላ ተሰልፈን ነው። አንዱ የሌላውን ጀርባ እያየ መጥቶ መገናኘት ምን ማለት ነው?»

«ቀደም ብለን ጸሎት ቤት እናስቀምጣትና ትጠብቀው» አለች አንዲት ሴት።

«ልጇን ያጣች እናት ቁጭ ብላ ትጠብቃለች? አንቺ ትጠብቂያለሽ?»

የባለሦስት እግር ታክሲ ነጂው ዶሜሮ ከኋላ ሆኖ፣ «መሰላል አቁመን በኢንጂነሩ ግንብ ላይ እናሻግራታለና» አለ። «ውሻውን ግን እናንተ አስፈቅዱልኝ፤ እኔን እስካሁን አላመነኝም።»

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ኤሊሴዮም አብሮ ሳቀ። እማማ ሩፊና ወደ እርሱ ዞሩ።

«ልጄ፣ ቦታውን የሸነሸንከው አንተ ነህ። ምነው ይህን መንገድ ሳታገናኘው ቀረህ?»

«መሬቱ እምቢ ብሎኝ ነው እማማ። ቅርጹ አላመቸኝም፤ ጠበበብኝ።»

«እንግዲያስ መሬቱን የፈጠረው እግዚአብሔር ነው፣ ምን ይደረጋል። አንተማ ለፍተህልናል። ጤናውን ይስጥህ፣ ጎጆህን ያሙቅልህ።»

ኤሊሴዮ አሜን ሳይል ከፌሊሳ ጋር ወደ ቤቱ ዞረ።

መሬቱ እምቢ አላለም ነበር። በመጀመሪያው ፕላን የታችኛው መንገድ ታጥፎ ወደ ጸሎት ቤቱ ግቢ ይገባ ነበር። ሰፈሩን የሚያሠራው ባለሀብት ግን ፕላኑ ላይ ጣቱን አሳርፎ፣ «ይህቺን መታጠፊያ ብታነሣት አንድ የቤት ቦታ ይወጣታል፤ እርሷም ለአንተ ትሁን» አለው። ያን ጊዜ የትንሣኤ ማለዳ ትዝ አላለኝም ብሎ ኤሊሴዮ ቢምል በሐሰት አይደለም። ነገር ግን ትዝ እስኪለው ድረስ አልቆየም፤ መታጠፊያዋን እዚያው አጠፋት።

ቤት ሲገቡ ፌሊሳ ዓሣ ለመቅረፍ ተቀመጠች፤ ቀና ሳትልም ተናገረች።

«መሬቱን ለምን ወነጀልከው?»

«በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ምን ልበል?»

«ዝም ማለት አይቻልም ነበር? የፊተኛውን ፕላን ለእኔም አሳይተኸኛል እኮ። ‹መንገዱ ይቀርና ሳሎናችን እዚህ ይሆናል› ስትለኝ እኔም ደስ ብሎኛል፤ ኀጢአቱ የጋራችን ነው። በእግዚአብሔር ማሳበቡ ግን የብቻህ ነው።»

ከዚያ ወዲያ በሕማማቱ ሰሞን ኤሊሴዮ በጸሎት ቤቱ ግቢ ለስግደት ሲወድቅ ለመነሣት ፈራ፤ ቀና ሲል የሚያየው የራሱን ግንብ ነበርና። በቅዳም ሥዑር እኩለ ቀን ላይ መዶሻ አነሣና የኋላውን ግንብ ይንደው ጀመር። ጎረቤት ሁሉ ወጣ።

«ኢንጂነር፣ ጌታ መቃብር ውስጥ ነው እኮ» አለ ዶሜሮ። «እስከ ነገ ብትታገሥ ምን አለበት?»

ኤሊሴዮ መምታቱን ቀጠለ። እማማ ሩፊና ሲመጡ ግን መዶሻውን አስቀመጠ፤ ፊቱ በአቧራ ነጥቷል።

«መሬቱ እምቢ አላለም እማማ። መንገዱን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ቤቴ የቆመው እርሱ ላይ ነው።»

ዶሜሮ እንኳ አልቀለደም። አሮጊቷ ወደ ፍርስራሹ ጠጋ አሉ።

«እኔ ደግሞ አምኜህ መረቅሁህ።»

«አዎ እማማ።»

«ምርቃቱን አልመልሰውም፤ አንዴ ወጥቷል።» ከዚያ በተናደው ግንብና በቤቱ የኋላ በር በኩል ወደ ሳሎኑ አሻግረው አዩ። «በሉ፣ ያንን ሶፋ ከመንገድ ላይ አንሡት።»

በማግሥቱ ገና ሳይነጋጋ ሴቶቹ ሻማ ይዘው በታችኛው መንገድ መጡ። ኤሊሴዮ ከወንዶቹ ጋር መሰለፍ አልደፈረም፤ በሩን ወለል አድርጎ ከፍቶ በወጥ ቤቱ ጥግ ቆመ። የእመቤታችን ምስል ያለበት ቃሬዛ ደጃፉ ሲደርስ ቆመ፤ ጉበኑ ዝቅተኛ ነበር።

«ዝቅ በሉ» አሉ እማማ ሩፊና። «ኧረ ገና ነው፣ ዝቅ በሉ።»

ተሸካሚዎቹ ጉልበታቸው መሬት ሊነካ እስኪደርስ አጎነበሱ። ያን በር ለክቶ ያሠራ ኤሊሴዮ ነው። ስለ እርሱ በደል እናቲቱ በቤቱ ውስጥ ዝቅ ብላ ስታልፍ አየ፤ ጥቁሩ መሸፈኛዋም የሳሎኑን ግድግዳ እየታከከ ሄደ። ሰልፉ በፈረሰው ግንብ ወጥቶ ደወሉ ሲደወል፣ መሸፈኛው ሲነሣም ሕዝቡ ሲያጨበጭብ ሰማ፤ ወጥቶ ግን አላየም። ወለሉ ላይ የተንጠባጠበውን ሰም ቁጭ ብሎ ይመለከት ነበር።

ግንቡ ዳግመኛ አልተገነባም። በየእሑዱ የታችኛው ሰፈር ሰው «እንዴት አደራችሁ፣ እንለፍ?» እያለ በሳሎኑ አልፎ ጸሎት ቤት ይሄዳል፤ የሚያመሰግነውም አለ። ኤሊሴዮ እስከ ዛሬ ቀና ብሎ አያያቸውም፤ «እለፉ፣ የእናንተ ነው» ይላል።

ይህን ያነበባችሁ ሁሉ፣ የቤታችሁን መሠረት ሰው ያላዘነበት ያድርግላችሁ፤ በራችሁም ለሚያልፍ የማይጠብ፣ ለሚገባ በረከት ወለል ያለ ይሁን። አሜን።