በስንደዶ የተለካ ራም

ጋሽ መሳፍንት የገዛ ልጃቸውን ሰርግ አላዩትም። ወንጌላዊት ስትሞሸር እሳቸው ደብረ ማርቆስ ታመው ተኝተው ነበር። «ጾሙ ሊገባ ነው፤ እኔ ብታመም ሰርጉ አይፈርስም!» ብለው ያስደገሱትም ራሳቸው ናቸው፤ ግትር ሰው! ሐኪሞቹ በቃ ቤትዎ ይግቡ ብለው ሲያሰናብቷቸው፣ አገራቸው ቁይ ደርሰው ትራሳቸው እንኳ ሳይደላደል «ቪዲዮው የታለ?» አሉ።

ቪዲዮው እንዳላማው ዘንድ ነው። በቁይና በዙሪያዋ ሰርግ የሚቀርጸው እሱ ነው፤ ቀርጾ፣ አሳምሮ፣ አበባ በአበባ አድርጎ ያስረክባል። ሰኞ ጠዋት አስጠሩትና እጁን ይዘው «ልጄ፣ ሳልሞት ልያት» አሉት። ያ ግቢውን ሁሉ ያንቀጠቅጥ የነበረ ድምፅ ሹክሹክታ ሆኗል። የእንዳላማው ሆድ ባባ። «ጋሼ፣ ረቡዕ ማታ ይዤ ካልመጣሁ እንዳላማው አይበሉኝ!» አለ። ምነው ያን ጊዜ ምላሱን ሰው በያዘለት!

ኮምፒውተሩ አሮጌ ዴስክቶፕ ነው፤ ራሙ፣ ማለት ሲሠራ ሥራውን የሚይዝበት ማስታወሻው፣ አራት ጂቢ ብቻ። ትንንሹን ሥራ እያቃሰተም ቢሆን ይሠራለት ነበር። ይኼ ሰርግ ግን ሦስት ቀን የተቀረጸ፣ ጥራቱም ከፍ ያለ ነውና አንድ ጎተራ ጤፍ በአንድ አህያ እንደ መጫን ሆነበት። ሰኞ ሥራው ግማሽ ላይ ሲደርስ ኮምፒውተሩ ቀጥ አለ። ማክሰኞም ቀጥ። ሙሽራዋ አንድ ዓይኗን እንደ ጨፈነች ስክሪኑ ላይ ደርቃ ትቀራለች። ደውሎ የጠየቀው ሁሉ «ራም ጨምር» አለው።

ራም መግዛት ለሚያውቅ ሰው ቀላል ነው፤ አሮጌውን ነቅሎ ይዞ መሄድ፣ ወይም ላዩ ላይ የተጻፈውን ፎቶ ማንሳት። እንዳላማው ግን መነካካቱን ፈራ፤ ባለፈው ዓመት አቧራ ልጥረግ ብሎ ቢነቅለው ኮምፒውተሩ ሁለት ቀን አልነሣም ብሎት ነበር። ታዲያ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? እናቱ ከገበያ ጫማ ስታስገዛ የምታደርገውን አደረገ። ስንደዶ መዘዘ፣ ከተሰካው ራም ጋር አስጠግቶ ለካ፣ በልኩ ቆረጠና ኪሱ ከተተው። አይ እንዳላማው!

ረቡዕ ማለዳ ደብረ ማርቆስ ገባ። የኮምፒውተር ዕቃ ሻጯ ምሥራቅ «ዲዲአር ስንት ነው?» ብላ የራሙን ዓይነት ብትጠይቀው ስንደዶውን አውጥቶ «ልኩ ይኸው» አላት።

ሣቋን ዋጥ አደረገች። «ወንድሜ፣ በቁመት እኮ አይለይም። ዲዲአር ስሪውም ዲዲአር ፎሩም ቁመታቸው እኩል ነው። የሚለያቸው እግራቸው ላይ ያለችው ቁርጥ ናት፤ ኮምፒውተርህ አንዱን ከተቀበለ ሌላውን አይቀበልም። ቤት ደውልና የተሰካውን አስነብብ።»

ማንን ያስነብብ? ቤቱን ቆልፎ ነው የመጣው። የቁዩ መኪና ሊወጣ ጥሩምባውን ይነፋል፤ የጋሽ መሳፍንት ሹክሹክታ ከጆሮው አልወጣም። ስንደዶውን መስታወቱ ሥር ከተደረደሩት ራሞች በአንዱ ላይ አስተኛው፤ ልክክ አለ።

«ይኸው! ይኼን ስጪኝ።»

«ባይሆንስ?»

«ልኩ ነው አልኩሽ እኮ!» ብሎ ተቀብሏት በረረ።

ቤቱ ደርሶ የኮምፒውተሩን ክዳን ከፈተ። ከአሮጌው ጎን ባለው ባዶ መሰኪያ ላይ አዲሱን ራም አቆመው። አልገባም። አዙሮ ሞከረው፤ አልገባም። ቁርጧና የመሰኪያው ጉብታ ለጥቂት አይገናኙም። ሰው እዚህ ላይ ይተዋል! እሱ ግን ሰዓቱን አየ፣ «በስመ አብ» ብሎ በሁለት አውራ ጣቶቹ ተጫነው። ቋ አለ። የገባ መሰለውና ደስ ብሎት አበራው። ብልጭ አለ፣ የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተ፣ ከዚያ ዝም። አዲሱን አውጥቶ በአሮጌው ብቻ ቢሞክረው ዝም። እንዳላማው መሬት ላይ ቁጭ ብሎ «ምን ነካኝ? ኧረ ምን ነካኝ!» እያለ ራሱን ደበደበ።

ረቡዕ ማታ ጋሽ መሳፍንት ቤት አልሄደም። በምን ዓይኑ! ሐሙስ ኮምፒውተሩን በጋቢ ጠቅልሎ፣ ጭኑ ላይ አድርጎ ደብረ ማርቆስ ወሰደው። ምሥራቅ የተሰነጠቀውን መሰኪያ አገላብጣ አየችው። «ማዘርቦርዱ፣ ሁሉም የሚሰካበት ሰሌዳ፣ ተቃጥሏል። ዲስኩ ግን ደኅና ነው፤ ሰርጉ አልጠፋም» አለችው። ሌላ ማዘርቦርድ ሲፈለግ ሐሙስ አለቀ፤ ዓርብ ተገኘ። ምሥራቅ ለእሱ የሚሆኑትን ራሞች ቁርጣቸውን ከጉብታው አገናኝታ ጫን ስታደርጋቸው ያለ ምንም ትግል ገቡ። በዚህ መሐል ወንጌላዊት ሁለት ጊዜ ደወለች። «አባዬ እየጠየቁህ ነው» ስትለው «ጨርሻለሁ፣ መጣሁ» አላት። ገና አልጀመረም ነበር።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሥራው አለቀ። እውነት ለመናገር ያማረ ነበር፤ ዘፈኑ፣ አበባው፣ የሙሽሮቹ ስም በወርቅ ቀለም። ሰርጉን የጫነበትን ፍላሽ ጨብጦ እየሮጠ ወደ ጋሽ መሳፍንት ግቢ ሲታጠፍ ደጃፉ ላይ ድንኳን ተተክሏል።

ወንጌላዊት ነጠላዋን አዘቅዝቃ መጣች። «ጎህ ሲቀድ ዐረፉ» አለችው። «በር በሩን ሲያዩ ነው ያደሩት።»

እንዳላማው ፍላሹን ዘረጋላት። «ኮምፒውተሩ ተቃጥሎብኝ፣ ራሙ አልገጥም ብሎኝ» ብሎ ሊያስረዳ ጀመረ።

ፍላሹን አልተቀበለችውም። ልትወቅሰው ሳይሆን፣ የምሯን ገርሟት «እኔ የምለው፣ የቀረጽከው በካሜራው በራሱ አይታይም ነበር?» አለችው። «አባዬ አበባም ዘፈንም አልጠየቁ። የእኔን ፊት ነበር የፈለጉት።»

እንዳላማው በእነዚያ አምስት ቀናት ውስጥ ይኼ ነገር አንዴም ውል ብሎት አያውቅም። ያላማረ ሥራ ለሰው አይታይም ብሎ የኖረ ሰው ነው። ሊዋሽ አፉን ከፈተ፤ ፊቷን ሲያይ አልሆነለትም።

«ይታይ ነበር» አለ።