ቶይቮ በፔዳሉ ውስጥ የተወው ድምፅ

የሌላውን ሰው ሐዘን ለራሱ ጥቅም የሚያውል ሰው የቀማውን ነገር በእጁ ይዞ እንኳ አይጠቀምበትም፤ ይልቁንም ቢጠይቅ ኖሮ በነጻ ይሰጠው የነበረውን ያጣል። ቀጥዬ የምተርከው ታሪክ ይህንኑ ያረጋግጣል። ታሪኩ የተፈጸመው ለረጅም ዘመን ባስተማርኩባት በሰሜን ሚሺጋን፣ በሃንኮክ ከተማ ነው፤ ሰዎቹንም ሁሉ አውቃቸዋለሁ።

ቨርና ካንጋስና ባሏ ቶይቮ በአንድ የዳንስ ባንድ ውስጥ ጊታር ይጫወቱ ነበር። እሱ ዜማውን ይመራል፤ እሷ ምቱን ትይዛለች። ባንዱን የሚመሩት አኮርዲዮን ተጫዋቿ ወይዘሮ አይና ሄይኪነን ነበሩ፤ ከበሮው የኤልመር ሩፕ ነበር። በእኛ ዘንድ የዳንስ ምሽት ስንብት ቫልስ የሚባለው፣ ጥንዶች ተያይዘው የሚዞሩበት ዜማ ሳይመታ አይዘጋም። ባሎች ሚስቶቻቸውን፣ ሚስት የሌላቸውም እናቶቻቸውን ይዘው የሚነሡት ለዚህ ቫልስ ነው።

ቶይቮ ለዚህ ቫልስ ብቻ የሚሆን አንድ ድምፅ ሠርቶ ነበር። ድምፁን ያኖረው በእግሩ ሥር በሚያስቀምጠው አሮጌ ባለብዙ ኢፌክት ፔዳል ውስጥ ነው፤ ይኸውም በጊታሩና በድምፅ ማጉያው መካከል የሚገባ፣ በእግር ሲረገጥም የጊታሩን ድምፅ የሚለውጥ የብረት ሳጥን ነው። ባንዱ የሚጫወትበት አዳራሽ ባዶ በሚሆንባቸው የክረምት ቀናት ምድጃ አስነድዶ ይገባና ድምፅ ማጉያውን ለዳንስ በሚከፍተው መጠን ከፍቶ፣ አንዱን ቁልፍ በጥቂቱ አዙሮ ያዳምጣል፤ መልሶ ያዞራል። ቤት ውስጥ ማጉያው ዝቅ ተደርጎ የተመረጠ ድምፅ አዳራሽ ሲገባ ሌላ እንደሚሆን ጠንቅቆ ያውቅ ነበርና። በመጨረሻ ያገኘው ድምፅ ከሐይቅ ማዶ የሚመጣ ይመስል ነበር። ከእያንዳንዱ ኖታ በኋላ አጭር ዝምታ ይሆናል፤ ከዚያም የገደል ማሚቶው ቀስ ብሎ ይመልስለታል። በዚያች ዝምታ ውስጥ ቶይቮ ወደ ግራ ዞሮ ሚስቱን ያይ ነበር። ይህን አዳራሹ ሁሉ ያውቃል።

ቶይቮ በመከር ወራት ልቡ ቆሞ ሞተ። ራንዲ ሱልካነን የሚባል የሌላ ባንድ ጊታር ተጫዋች በቦታው ለመተካት ወይዘሮ አይናን ጠይቆ ነበር፤ እሳቸውም «ቦታው የቨርና ነው» ብለው መለሱት። ስለዚህ ቨርና በባሏ ቦታ ቆመች፤ ፔዳሉንም በእግሯ ሥር አኖረች። ስንብቱን ቫልስ ስትጫወት፣ በኖታውና በማሚቶው መካከል፣ ራሷ ቆማበት ወደነበረው ቦታ ወደ ግራ ትመለከታለች። ለዚያች ቅጽበት ስትል ሳምንቱን ሙሉ ትጠብቅ ነበር።

ይሁን እንጂ ፔዳሉ አርጅቶ ነበር። በክረምቱ ማብቂያ በቫልሱ መካከል ጸጥ ይል ጀመር።

«ይሄ ሳጥን ልክ እንደ እኔ ጉልበት ነው» አላት ኤልመር። «ደስ ሲለው ይሠራል፣ ደስ ሳይለው ያኮርፋል። ሰው ፊት ሲሆን ደግሞ ይብስበታል።»

«አንተስ ጉልበትህን የት ታሳያለህ?»

«ሐኪም ጋ። እሱም አሮጌ ሳጥን እንዳየ ሰው ይስቃል።»

ቨርና ግን አልሳቀችም፤ ፔዳሉን በቶይቮ የሱፍ ሸሚዝ ጠቅልላ ወደ ሃርላን ቦይድ የሙዚቃ መሣሪያ ሱቅ ሄደች። በሱቁ ውስጥ ሻጩ ይኸው ራንዲ ነበር። ሁለት ፔዳሎች ወለሉ ላይ ደርድሮ አሳያት። አንደኛው የዳቦ መጋገሪያ ትሪ የሚያክል፣ ሰፊ መስታወት ያለውና በጣት እየተነካ የሚታዘዝ ነበር። ሁለተኛው ትንሽና ጌጥ የሌለው ሲሆን የቶይቮን ፔዳል ከሠራው ፋብሪካ የወጣ ነበር።

«ትንሹ ከቶይቮ ፔዳል ጋር ዘመዳሞች አይደሉም?» አለች ቨርና።

«ስማቸው ነው የሚገናኘው እንጂ ውስጣቸው አይተዋወቅም» አለ ራንዲ። «እኔ ለእናቴ ብገዛ ትልቁን ነው የምገዛላት። እስኪ ይስሙት።»

የጆሮ ማዳመጫ አጠለቀላት። በጆሮ ማዳመጫ የማያምር ድምፅ የለም። ቨርና ይህን ከባሏ ተምራ ነበር፤ ስለዚህ ማዳመጫውን አውልቃ፣ «በድምፅ ማጉያ ልስማው፤ ከፍ አድርገህ» አለችው።

«ደንበኞች አሉ፣ ወይዘሮ ቨርና። ሃርላን ይቆጣኛል።»

ሱቁ ውስጥ የነበረው ደንበኛ አንድ ሽማግሌ ብቻ ነው፤ እሱም መስኮት አጠገብ ተቀምጦ ያንቀላፋ ነበር። ቨርና ግን ማስቸገር አልወደደችም። «የቫልሱን ድምፅ እዚህ ትልቁ ውስጥ ልታስገባልኝ ትችላለህ?» አለችው። «ሌላውን ሁሉ ተወው። እሱን ብቻ።»

«ጣጣ አለው፤ ግን ለእርስዎ ስል እሞክራለሁ። አሮጌውን ይተዉልኝና ቁጥሮቹን አንብቤ እንደ አዲስ እሠራዋለሁ።»

እዚህ ላይ አንባቢ እውነቱን ይወቅ። ትንሹን ፔዳል ከአሮጌው ጋር በአንድ ገመድ በኮምፒዩተር በኩል ማገናኘት ብቻ ይበቃ ነበር፤ ድምፁ ሳይጎድል ይተላለፍ ነበር። ራንዲ ይህን ያውቃል፤ የራሱ ፔዳልም ከዚያው ፋብሪካ የወጣ ነው። ትልቁን ያስመረጣት ይህ እንዳይታወቅ ብሎ ነው። አሮጌውን ወደ ቤቱ ወስዶ የቫልሱን ድምፅ ወደ ራሱ ፔዳል ቀዳ፤ ከዚያም አሮጌውን ከፋብሪካ እንደወጣበት ቀን ባዶ አደረገው። ያ ድምፅ በእሱ እጅ ብቻ ሲቀር ወይዘሮ አይና ፈልገው እንደሚጠሩት አስልቶ ነበር።

ቨርና ስትመለስ ፊቱን አጥቁሮ ጠበቃት።

«ውስጡ ያለችው ባትሪ ሞታለች» አላት። «ድምፆቹን ይዛ የኖረችው እሷ ነበረች።»

«የቫልሱም?»

«ሁሉም። አዝናለሁ፣ ወይዘሮ ቨርና።»

አመነችው። በአሮጌ ፔዳሎች ውስጥ ያለች ባትሪ ስትሞት የተቀመጠውን ሁሉ ይዛ እንደምትሄድ ጊታር የሚነካ ሰው ሁሉ ያውቃል። ትልቁን ፔዳል ተሸክማ ወደ ቤቷ ሄደች።

በረዶው ቀልጦ ምድር እስኪለመልም ድረስ ቨርና ሳውና ከሚባለው የእንፋሎት መታጠቢያ አጠገብ ባለው ምድር ቤት ተቀምጣ ያንን ድምፅ ፈለገች። በአዲሱ ፔዳል ውስጥ የድምፅ ብዛት ሊቆጠር አይችልም፤ የካቴድራል ማስተጋባት አለ፣ የዋሻ አለ፣ ስም የሌለውም አለ። አንዳንዴ የቀረበች ይመስላትና ትንፋሿን ይዛ ሌላ ኖታ ትመታለች፤ ማሚቶው ግን ወይ ፈጥኖ ይመጣል፣ ወይ ደምቆ ይመጣል። ያቺ ዝምታ አልተገኘችም።

ወይዘሮ አይና ሊጠይቋት መጥተው ከደረጃው ላይ፣ «ተገኘ?» አሏት።

«ወንድሙን አገኘሁት» አለች ቨርና። «እሱን አይደለም።»

አሮጊቷ ዱላቸውን ተደግፈው ጥቂት ካዳመጡ በኋላ፣ «ወንድሙም ክፉ አይደለም» አሉ። ለማጽናናት ያህል እንደሆነ ሁለቱም ያውቃሉ። በአዳራሹም ስንብቱን ቫልስ በአኮርዲዮን ብቻ መጫወት ጀመሩ፤ በዚያ ጊዜ ቨርና ጊታሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች እጇን አጣምራ ትቆማለች።

የበጋው አጋማሽ በዓል ደረሰ። በዚያ ቀን ፀሐይ ዘግይታ ትጠልቃለች፤ በሐይቁ ዳርቻ ትልቅ እሳት ይለኮሳል፤ በአዳራሹ ደግሞ ባንዶች ይፈራረቃሉ። የእነ ቨርና ተራ አልፎ የእነ ራንዲ ተራ ነበር። ቨርና ሥጋና ድንች የተሞላ ፓስቲ በወረቀት ይዛ ከእሳቱ ራቅ ብላ፣ የሐይቁን ዳርቻ ዞራ ጀልባዎቹ ከሚታሰሩበት ደረሰች። እዚያ ቆማ ሳለ ድምፁ በውኃው ላይ መጣ።

ኖታው፤ ከዚያ ዝምታው፤ ከዚያም ማሚቶው።

ፓስቲውን የት እንደጣለችው አታስታውስም። ወደ አዳራሹ ስትመለስ አልሮጠችም፤ ከሮጠች የሚቋረጥ መስሏት ነበር። ወደ ግራ ተመለከተች፤ ውኃና ሸምበቆ ብቻ ነበር። ማን እንደሚጫወት አላሰበችም፤ ማሰብም አልፈለገችም። ኋላ ለኔ እንደነገረችኝ፣ በመንገዱ ግማሽ ላይ የቶይቮን ኮት ከመኪና ለማምጣት አስባ ነበር፤ ማታ ይበርደዋልና።

በሩ ላይ ስትደርስ ድምፁ ተለወጠባት። ከሩቅ ውኃውና ርቀቱ አለዝበውት ነበር እንጂ በአዳራሹ ውስጥ ጆሮ የሚወጋ ስለታም ድምፅ ሆኖ ነበር። ቶይቮ ድምፁን የሠራው ለገዛ ድምፅ ማጉያው ነው፤ ራንዲ ደግሞ ቤቱ በጆሮ ማዳመጫ ብቻ ሰምቶ፣ አምሮለት፣ እንዳለ ይዞት መጥቷል። ሰዎች ከመድረኩ ፊት ሸሽተው ወደ ግድግዳው ተጠግተው ነበር። ኤልመር ግን ወደ መድረኩ ጠጋ ብሎ፣ ጉልበቱን እያማረረ ጎንበስ ብሎ፣ በራንዲ ፔዳል ላይ የበራችውን ትንሽ ጽሑፍ ያነብ ነበር። ዘፈኑ እስኪያልቅ ጠበቀ።

«ራንዲ፣ የሚስትህ ስም ማነው?»

«ምን ነካህ? ካረን ናት፤ ሠርጌ ላይ ከበሮ መትተህልኛል።»

«እሱማ መትቻለሁ። ታዲያ እግርህ ሥር ‹ለቨርና› የሚል ማን ጻፈ?»

ቶይቮ ለድምፁ የሰጠው ስም ነበር። ድምፁ ሲቀዳ ስሙም አብሮ እንደሚቀዳ ራንዲ ልብ አላለም። ወይዘሮ አይና ሰው እየገፉ መጡ።

«ባትሪዋ ሞታለች አላልክም ነበር እንዴ?» አሉት።

«ለመጠበቅ ነው የቀዳሁት። እንዳይጠፋ ብዬ።»

«የሚጠብቅ ሰው ለባለቤቱ ይናገራል። አንተ ደብቀህ አልቅሰህላታል።»

ቨርና ከሰዎቹ መካከል ወጥታ ከፊቱ ቆመች። በእኛ አገር ሙዚቀኞች ዘንድ ድምፅ አይሸጥም፣ አይደበቅምም፤ «ይህን እንዴት አደረግኸው?» ብሎ ለጠየቀ ሁሉ ይታያል። ቶይቮ ራሱ ላልታወቀ መንገደኛ እንኳ ተንበርክኮ ቁልፎቹን ሲያሳይ አይቼዋለሁ።

«ለምን አልጠየቅከኝም?» አለችው።

ራንዲ ገመዱን እየጠቀለለ መሬት መሬት ያይ ነበር። «እምቢ ይሉኛል ብዬ።»

«እሰጥህ ነበር» አለች።

የሱቁ ባለቤት ሃርላን ቦይድ ከበዓሉ ታዳሚዎች አንዱ ነበር፤ ሁሉንም ሰማ። ሱቁ ከአዳራሹ ሩቅ ስላልሆነ ሄዶ ትንሹን ፔዳል፣ ኮምፒዩተሩንና ገመዱን ይዞ መጣ። በአዳራሹ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ፣ በድንች ሰላጣው ሳህኖች መካከል፣ ድምፁ ከራንዲ ፔዳል ወደ ትንሹ ተላለፈ። ሥራው ቡና ተቀድቶ እስኪጠጣ ያህል እንኳ አልፈጀም። ትልቁን ፔዳል ሃርላን መልሶ ወሰደው።

ምሽቱ ሲዘጋ ቨርና በቶይቮ ድምፅ ማጉያ ስንብቱን ቫልስ ተጫወተች። ድምፁ ሳይጎድል ሞልቶ ወጣ፤ ወደ ግድግዳው የሸሹትም ተመልሰው ተያያዙ። ከመጀመሪያው ኖታ በኋላ ዝምታዋ መጣች። ቨርና ወደ ግራ ተመለከተች። ቦታው ባዶ ነበር፤ ወለሉ ላይ የሷ አሮጌ የጊታር ገመድ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ማሚቶው መለሰላት። እሷም ቀጣዩን ኖታ መታች፤ እንደገናም ወደ ግራ አየች፤ እስከ መጨረሻው ድረስ እንዲሁ አደረገች። ወይዘሮ አይና አኮርዲዮናቸውን ይዘው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

ራንዲ ሱልካነንን በሳምንቱ መግቢያ ሃርላን ቦይድ ከሥራ አሰናበተው። የራሱ ባንድም በእሱ ቦታ ሌላ ጊታር ተጫዋች ወሰደ። የአዳራሹ ሸንጎ መድረኩን ከለከለው። ከዚያ ወዲህ ወደየትኛውም ባንድ ቀርቦ «ይህን እንዴት አደረጋችሁት?» ብሎ ሲጠይቅ ፔዳላቸውን በጨርቅ ሸፍነው ስለ አየሩ ያወሩለታል። ዛሬ የሚጫወተው በቤቱ ምድር ቤት፣ ብቻውን፣ በጆሮ ማዳመጫ ነው።