ሁለተኛው ቋጠሮ

ሮኬቱ ሲነሳ የቤተ ሙከራችን ሰው ሁሉ ከወንበሩ ብድግ አለ። እኔ ብቻ እንደተቀመጥኩ ቀረሁ። ስክሪኑ ላይ ሠላሳ አንድ ትንንሽ ሳተላይቶች በየተራ ከሳጥናቸው ተስፈንጥረው ሲወጡ እየቆጠርን አየን። አሥራ ሰባተኛዋ የኛ ነበረች። የጫማ ካርቶን ግማሽ ብታህል ነው፤ አራት ዓመት ግን በልታናለች። ኃላፊያችን ቦርጩን ረስቶ ዘለለ፣ ሰው ተቃቀፈ፣ እኔንም ጎትተው አቀፉኝ። እኔ ግን ፈርቼ ነበር፤ ምን እንደፈራሁም አሳምሬ አውቃለሁ።

ሳተላይቷ ወረቀት ላይ ረጅም ስም አላት። እኛ «ትንሿ» ነው የምንላት። እንዲህ ብለው የሰየሟት ጋሼ ናቸው፤ አንጋፋው ቴክኒሺያናችን። ሰው ሁሉ ከኋላቸው «ጋሽ ቀስ በሉ» ይላቸዋል፤ ከአፋቸው የማይጠፋው ቃል ስለሆነ። ብየዳ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። አርባ ዓመት ሞልቶኝም «አንቺ ልጅ» ነው የሚሉኝ። ከሁለት ዓመት ወዲህ እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሮኬቱ በተነሳ ቀን ደግሞ ሕመሙ ጠንቶባቸው ቤታቸው አልጋ ላይ ነበሩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የትንሿ አንቴና ከአናጢ ሜትር የተቆረጠ ስስ ብረት ነው። ይታጠፍና በዓሣ ማጥመጃ ክር ይታሰራል። ሰማይ ከደረሰች በኋላ አንዲት ቀጭን ሽቦ ግላ ክሩን ታቃጥለዋለች፤ ያኔ ብረቱ ይዘረጋል። ክሩ አንድ ዙር ብቻ መሆን አለበት። ሽቦዋ የምትደርሰው አንዱ ጋ ብቻ ነው። አሥር ጊዜ ሞክረን አሥር ጊዜ ተዘርግቷል። አሥሩንም ጊዜ ያሰርኩት እኔ ነኝ።

ለመጨረሻ ጊዜ ልትታሸግ ስትል ግን ክሩን ለጋሼ ሰጠኋቸው። ጡረታ ሊወጡ አንድ ሳምንት ቀርቷቸው ነበር። «እርስዎ ይቋጥሩላት» ስላቸው ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ሩብ ሰዓት ፈጀባቸው። ጣታቸውን ስላላመኑት ክሩን ደግመው አዞሩና ሁለተኛ ቋጠሮ ጣሉበት።

«እንግዲህ ይሄ አይላላም» አሉና ሳቁ።

እናቴ ትሙት፣ አይቼዋለሁ። ሲወጡ እፈታዋለሁ ብዬ አሰብኩ። እሳቸው ግን እስክትታሸግ ድረስ ካጠገቧ ንቅንቅ አላሉም። ሰው በተሰበሰበበት መቀስ አንስቼ የአስተማሪዬን ቋጠሮ ልቁረጥ? ይሉኝታ ያዘኝ። ምናልባት ሽቦዋ ሁለቱንም ትነካ ይሆናል ብዬ ራሴን ሸነገልኩ። ቅጹ ላይ «ያሰረው» በሚለው ቦታ የራሴን ስም ጽፌ ፈረምኩ።

ትንሿ በቀን አራት ጊዜ በአናታችን ታልፋለች፤ ባለፈች ቁጥር አሥር ደቂቃ ያህል። ሁለት ቀን ሙሉ ጆሯችንን ብንደቅን «ሽሽሽ» ከሚል ድምፅ በቀር ምንም የለም። በሦስተኛው ቀን፣ ትልቅ የመቀበያ ሳህን ያላቸው የሌላ አገር ባልደረቦች ጻፉልን። ድምጿ አለ፣ ግን በጣም ደካማ ነው። ባትሪዋ ሙሉ ነው። አንቴናዋ አልተዘረጋም።

በሕይወት አለች ማለት ነው። እየተጣራች ነው፣ እኛ ግን አንሰማትም። መጸዳጃ ቤት ገብቼ ቧንቧውን ከፍቼ አለቀስኩ።

«ማነው ያሰራት?» አለ ኃላፊያችን።

«እኔ ነኝ።»

«አንቺ? አንቺ እኮ በክር ተሳስተሽ አታውቂም።»

«አሁን ተሳሳትኩ።»

ትንሽ አየኝና አንገቱን ደፍቶ ወጣ። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ጋሼ ቤት ሄድኩ። ባለቤታቸው፣ እትዬ፣ በሩ ላይ ክንዴን ያዙኝ።

«ያቺን ሬዲዮ አቅፎ ይውላል፤ እህል እንቢ ብሏል» አሉኝ በሹክሹክታ። «አደራ፣ የምትናገሪውን እወቂበት።»

ጋሼ ትራስ ተደግፈው ነበር። የትንሿን ድምፅ ለመስማት ራሳቸው የሠሯት ሬዲዮ ደረታቸው ላይ ናት።

«መጣሽ? ሬዲዮዬ ነው የተበላሸው ወይስ እሷ ናት ያኮረፈችኝ?»

«አንቴናው አልተዘረጋም፣ ጋሼ። ጥፋቱ የኔ ነው። ክሩን ስቋጥር...»

«ክሩን ማን እንደቋጠረ እኔ ጠፍቶኝ ነው? የታመመው እጄ ነው እንጂ ጭንቅላቴ አይደለም።»

እሳቸው ጣሪያውን ያያሉ።

«ሁለተኛውን ዙር አይተሽዋል?»

መዋሸት እችል ነበር። «አይቻለሁ» አልኩ።

«ታዲያ ለምን አልፈታሽውም?»

«እንዴት ብዬ፣ ጋሼ? እርስዎ የቋጠሩትን?»

ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅኩ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ፤ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፤ ይሄኛው ግን የሕመሙ አልነበረም። ሃያ ዓመት ሙሉ በብየዳ ሲያስለቅሱኝ ኖረው እሳቸው ሲያለቅሱ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

አሥር ሰዓት ከሩብ ላይ እንደምታልፍ ነገርኳቸው። እትዬ መስኮቱን ከፈቱልን። ሦስታችንም አሥር ደቂቃ ሙሉ ያንን «ሽሽሽ» የሚል ድምፅ አዳመጥን።

«አለፈች» አሉ ጋሼ በመጨረሻ። «ማን ያውቃል፣ አሁንም እየጠራችኝ ይሆናል።»

ከዚያ የሬዲዮዋን ማንጠልጠያ ክር ፈትተው የአልጋው ብረት ላይ ማሰር ጀመሩ። ክሩ ደጋግሞ አመለጣቸው። ላግዛቸው ብዬ እጄን ስዘረጋ «ተይ!» አሉኝ። አዞሩት፣ ቋጠሩት። ደግመው አዞሩት፣ ደግመው ቋጠሩት። ግንባራቸው ላብ አወጣ። ሲጨርሱ እጃቸውን አንስተው ወደኔ ዞሩ።

«ፍቺው።»

«ጋሼ፣ ይቅርብኝ...»

«እያየሁሽ ፍቺው፣ አንቺ ልጅ።»

ተንበርክኬ ፈታሁት። አንድ ደቂቃ እንኳ አልፈጀብኝም።