ቁርስ ሳትበሉ አትውጡ

በሩ ላይ ዛሬም «የአንባቢያን ደብዳቤ ክፍል» የሚል ጽሑፍ አለ። የሚያነሳው ስለጠፋ እንጂ ደብዳቤ ስላለ አይደለም። ድሮ ሦስት ሆነን ነበር የምንሠራበት። አንዷ ፖስታ ትከፍታለች፣ አንዱ ያነባል፣ እኔ መልስ እጽፋለሁ። የጋዜጣችን ደንብ ጥብቅ ነበር፤ ስሙን ጽፎ የፈረመ አንባቢ እብድም ይሁን ፈላስፋ መልስ የግድ ይላክለታል። ሁለቱ ባልደረቦቼ አንዷ በጡረታ፣ አንዱ በስንብት ሄዱና እኔ ከደረቀው የማኅተም ቀለም ጋር ቀረሁ።

አሁን ሥራዬ በጋዜጣው የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ላይ ከየዜናው ስር ሰው የሚጽፈውን ማንበብ ነው። መልስ መስጠት የለም። የተሰጠኝ ሥልጣን መደበቅ፣ ማጥፋትና ማገድ ነው። ስድብ አጠፋለሁ፤ አጥፍቼ ሳልጨርስ ሌላው ይተካል። ሰው ድሮም ይሳደብ ነበር፣ ግን ቴምብር ገዝቶ፣ ፖስታ አሽጎ፣ ፖስታ ቤት ድረስ ተጉዞ ነው። መንገድ ላይ ግማሹ ንዴት ይበርድለት ነበር። አሁን ትኩሱን ነው የሚያቀርቡልኝ። እንዲህ ቀኑን ሙሉ ከሺህ ሰው ጋር ስውል «እንዴት ዋልክ?» የሚለኝ አንድ ሰው የለም።

በዚህ ሁሉ መሃል «ጡረተኛው» የሚል ስም ያለው ሰው ነበር። ፎቶው ከየት እንደተገኘ የማይታወቅ ቀይ አበባ ነው። ጠዋት ገጻችን የመጀመሪያውን ዜና ገና ከመለጠፉ ከስሩ ይመጣና «ቁርስ ሳትበሉ አትውጡ» ብሎ ይጽፋል። ሌላ ቃል የለውም። ዜናው የነዳጅ ዋጋ ቢሆን፣ የሚኒስትር ሹመት ቢሆን፣ ብሔራዊ ቡድኑ ጉድ ተሠርቶ ቢመጣ እሱ ጉዳዩ አይደለም። አንዳንዱ «እሺ አባታችን» ይለዋል፣ አንዳንዱ «ቁርሱን ይላኩልን» ብሎ ያሾፍበታል። እሱ ግን ለማንም አይመልስም።

እውነቱን ልናገርና፣ ጠዋት ቢሮ ስገባ ዓይኔ መጀመሪያ የሚፈልገው እሱን ነበር። እኔም ቁርስ ሳልበላ ነበር የምወጣው፤ ብቻውን የሚኖር ሰው ለማን ብሎ ሻይ ያፈላል? እሱን ሳነብ ግን ከሕንፃው ስር ወዳለው ሱቅ ወርጄ ዳቦ የምገዛበት ቀን ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት ጉድ ፈላ። ሠራተኞች የጫነ አውቶቡስ ተገልብጦ ሰው ሞቷል፤ የቀኑ የመጀመሪያ ዜናችን እሱ ሆነ። ከስሩ እንደ ልማዱ «ቁርስ ሳትበሉ አትውጡ» የምትለዋ መጣች። ሰው እንደ ንብ ተነሳበት። «በሬሳ ላይ ይቀልዳል»፣ «እናት የለህም?»፣ «ጋዜጣው ራሱ ቀጥሮት ነው»፤ ለመጻፍ የማይመቸውን ትቼ ነው። አለቃዬ ወዲያው በሩን ገፍቶ ገባ። ልጅ እግር ነው፤ ቃሏ ከአፉ ስለማትጠፋ «ፍጥነት» ብለን ስም አውጥተንለታል።

«ጋሼ፣ ይሄ ነገር ቦት ነው። አግደው» አለኝ።

«ሰው ይመስለኛል።»

«ሰው በየቀኑ አንድ ዓይነት ነገር ይጽፋል እንዴ? ማሽን ነው።»

«እስቲ በውስጥ መስመር ልጻፍለትና ማንነቱን ልጠይቀው።»

«ጋሼ ደግሞ! እስኪመልስልህ እኛ ተሰድበን እናልቃለን። ፍጥነት!»

ልከራከር እችል ነበር። ግን ከክፍሉ የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ እኔም ብወጣ በሩን ቆልፎ ዕቃ ማስቀመጫ ከማድረግ የሚያግደው የለም። እንጀራዬ ነውና አገድኩት። አንድ ጊዜ ጠቅ ማድረግ ነው፣ ድምፅ እንኳ የለውም።

በማግስቱ ጠዋት የመጀመሪያው ዜና ተለጠፈ፤ ከስሩ ስድብ ብቻ መጣ። በሚቀጥለውም እንዲሁ። ማሽን ናፈቀኝ ብዬ ለማን እናገራለሁ? በመጨረሻ ማን እንደሆነ ልወቅ ብዬ የራሱን ገጽ ከፈትኩ። ጓደኛ የለው፣ የጻፈው የለው። ከአበባው ሌላ ያለው አንድ ፎቶ ብቻ ነው፤ ስልኩን ሲነካካ ሳያስበው የተነሳ ይመስላል። የሰው ጉልበት ይታያል፣ ከጉልበቱ ወዲያ ግድግዳ፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ ወደ ግራ ያዘነበለ መደርደሪያ።

ክው አልኩ። ያንን መደርደሪያ አጣምሜ የመታሁት እኔ ነኝ፣ ተማሪ ሳለሁ። ጉልበቱ የአባቴ ነው።

አባቴ ጡረታ የወጣ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው። እናቴ ከሞተች ወዲህ ብቻውን ይኖራል። ሲደውል «ሥራ ላይ ነኝ አባዬ፣ መልሼ እደውላለሁ» እለዋለሁ፤ መልሼ ግን አልደውልም። እየቆየ እሱም መደወሉን ተወው። ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁት ዕለት «አሁን ሥራህ ምንድን ነው?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር። «ሰው ገጻችን ላይ የሚጽፈውን ማንበብ ነው» አልኩት። «ሁሉንም?» አለ። «አንድም አያመልጠኝም» አልኩት፣ ጉራዬን ነዛሁ።

ኮቴን አንስቼ ወጣሁ፤ ለፍጥነት እንኳ አልነገርኩትም። ዕድሜውን ሙሉ መሪ ይዞ አንድ ሰው ሳይገጭ የኖረ አባቴ፣ በአውቶቡስ አደጋ ሙታን ላይ ቀለደ ተብሎ ተሰደበ። እሱ እኮ ዜናውን አላነበበውም። መነጽሩን አድርጎ፣ ፊደሉን አንድ በአንድ እየለቀመ ለእኔ የሚጽፈውን ጽፎ ስልኩን ያስቀምጣል እንጂ የሚኒስትር ሹመት ምኑ ነው?

በሩን ሲከፍትልኝ ከላይ እስከ ታች አየኝ።

«ዛሬ ሥራ የለም እንዴ? ታመሃል?»

«ደህና ነኝ አባዬ።»

አስቀመጠኝና ከመደርደሪያው ላይ በመሃረብ የተጠቀለለ ስልኩን አወረደ። «እንኳን መጣህ። ይሄ ተበላሽቶብኛል። ለጠጋኙ ብወስደው ‹አልተበላሸም አባት፣ ጋዜጣዎቹ ዘግተውዎት ነው› ይለኛል። ‹ልጄ እዚያ እየሠራ ማን አባቱ ነው የሚዘጋኝ?› ብዬ ተቆጣሁት። ሰዉ ሁሉ ሳቀብኝ።»

መዋሸት ይቻል ነበር፤ አበላሽተው ነው፣ አስተካክለዋለሁ ማለት ይቻል ነበር።

«አባዬ፣ የዘጋሁህ እኔ ነኝ።»

«አንተ?»

«በገዛ እጄ። አንተ መሆንህን አላወቅኩም። ሰው ተቆጣ፣ አለቃዬም…»

እጁን አንስቶ አስቆመኝ። ቁጣውን እየጠበቅኩ አንገቴን ደፋሁ። ሹፌር ነበርና ሲቆጣ ድምፁ እስከ ኋለኛው ወንበር ይደርሳል።

«ቆይ፣ ቆይ። ስትዘጋኝ አይተኸኝ ነው?»

«አዎ።»

«ከዚያ በፊትስ? በየቀኑ ታነባት ነበር?»

«በየቀኑ፣ አባዬ። ጠዋት መጀመሪያ የምፈልጋት እሷን ነበር።»

ፊቱ በራ። ጉልበቱን በመዳፉ መታና ሳቀ፤ እናቴ ከሞተች ወዲህ እንዲህ ሲስቅ አይቼው አላውቅም።

«አየህ! እኔኮ ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል አትደርስህም ብዬ ነበር። እሱን ነበር ማወቅ የፈለግኩት፤ ትደርሳለች ለካ!»

ማገዴን ጨርሶ ረስቶታል። እኔ ግን ዓይኑን ማየት አቅቶኝ ስልኩን ተቀበልኩትና የተበላሸ ዕቃ እንደሚጠግን ሰው አገላብጬ አየሁት፤ እንባዬ መስታወቱ ላይ ወረደ።