የአቢጃታን ውሃ የጠጣ ሞተር

ጀቤሳ ከሞጆ ደረቅ ወደብ ኮንቴይነር ጭኖ ሐዋሳ የሚያመላልስ ሾፌር ነው። ከባዱን መኪና ከነተሳቢው የኋሊት እየነዳ ጠባብ የመጋዘን በር ላይ ልክክ ሲያደርገው ጥበቃዎቹ ሥራቸውን ትተው ያዩታል። ቅዳሜ ጠዋት አዳማ ላይ፣ ከብሎኬት ማምረቻው ጀርባ ባለው የሲሚንቶ ሜዳ፣ ከጫማ ካርቶን የማትበልጥ መኪና በሪሞት መንዳት ግን ያቅተዋል። መኪናዋ ትፈተለካለች፣ ኩርባው ጋ ትደርሳለች፣ ትገለበጣለች።

በሪሞት መኪና ተወዳዳሪዎቹ ማኅበር፣ የተገለበጠ መኪና ባለቤቱ ሮጦ አያነሳም። ለዚህ ሥራ «አንሺ» የሚሉት ሰው አለ። በዓመቱ ነጥብ መጨረሻ የወጣው ተወዳዳሪ ሪሞቱን አስረክቦ፣ ቀጣዩን ዓመት ሙሉ መሀል ሜዳ ፀሐይ ላይ ቆሞ የሌሎችን መኪና ሲያነሳ ይከርማል። የዘንድሮዋ አንሺ ገበያው አጠገብ የተቃጠሉ የውሃ ፓምፖች የምትጠግነው ዙለይካ ነበረች። አሁን አንድ ውድድር ብቻ ሲቀር፣ ጀቤሳና ባለ ሚኒባሱ አብዱልጀባር ከታች በነጥብ እኩል ሆነዋል። ከሁለቱ አንዱ ሪሞቱን ማስረከቡ ነው።

ጀቤሳ ማስረከብ አልፈለገም። ባለቤቱ ካረፈች ወዲህ ቅዳሜ የሚረዝም ቀን ሆኖበት ነበር። ይህን ለማንም አልተናገረም። ለምን እንደሚወዳደር ሲጠይቁት «እጄ እንዳይፈታ ብዬ ነው» ይላል።

የማኅበሩን ደንብ የጻፉት ጡረታ የወጡት የቴክኒክ መምህር ኑሬ ናቸው። ሞተሮቹ ሁሉ አንድ ዓይነት፣ አንድ ላይ የተገዙ ናቸው። መምህር ኑሬ የእያንዳንዱን ክዳን ጠርዝ በባለቤታቸው ቀይ የጥፍር ቀለም አሽገውታል፤ ቀለሙ ከተሰነጠቀ ሞተሩ ተከፍቷል ማለት ነው። በደቂቃ ከአሥራ ሁለት ሺህ ዙር በላይ የሚሽከረከር ሞተር ይሰረዛል። ባትሪ በእሳት ማሞቅ ክልክል ነው። አብዱልጀባር ግን ባትሪው ሲሞቅ ጉልበት እንደሚጨምር ስለሚያውቅ በሚኒባሱ መስታወት ሥር ለፀሐይ ያሰጣዋል። «ፀሐይ እሳት ናት እንዴ?» ብሎ ሁለት ሳምንት ተከራክሮ ረትቷል።

ከመጨረሻው ውድድር በፊት በነበረው ሐሙስ፣ ጀቤሳ ከሐዋሳ ሲመለስ እንደ ልማዱ ቡልቡላ ላይ ቆሞ ከወዳጁ ከሽንኩርት ነጋዴው ከያደታ ጋር ሻይ ጠጣ። ጭንቀቱን አጫወተው።

«ይሄማ ቀላል ነው» አለ ያደታ። «የወንድሜ ልጅ ስልኩ ላይ አሳይቶኛል። ሞተሩን ውሃ ውስጥ ከተህ በትንሽ ባትሪ ታሽከረክረዋለህ። ውስጡ ያሉት የካርቦን ቁራጮች ይስተካከሉና ይበራል!»

«ሳይከፈት?»

«ቀለሙም አይነካ።»

«የቧንቧ ውሃ ይሆናል?»

ያደታ ጎንበስ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የቧንቧውንማ አብዱልጀባርም አያጣው። አንተ የአቢጃታን ሐይቅ ውሃ ውሰድ። ከብቶቻችንን ሆራ የምናወርዳቸው ለምንድን ነው? ያንን ጨዋማ ውሃ ጠጥተው ሲመለሱ አላየሃቸውም? በሬው አጥር ይዘላል እኮ!»

«ዱጋ ነው!» አለ ጀቤሳ። በልጅነቱ የአባቱን ከብቶች ሆራ የነዳ ሰው ስለሆነ ነገሩ እውነት መሰለው። አንድ ሃይላንድ ሙሉ የአቢጃታ ውሃ ይዞ አዳማ ገባ።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ውሃውን በሳህን ገልብጦ ሞተሩን ዘፈዘፈና አሽከረከረው። ሞተሩ ጮኸ፣ ውሃው አረፋ አወጣ፣ ጠቆረ። ጀቤሳ ደስ ብሎት ሌላ ሩብ ሰዓት ጨመረለት። ከዚያ በጨርቅ ጠርጎ መስኮት ላይ አስቀመጠው።

ጠዋት ሲነሳ ሞተሩ የጥርስ ሳሙና የተቀባ መስሎ ነጭ ቅርፊት ለብሷል። ዘንጉን በጣቱ ሊያዞረው ሞከረ፤ ንቅንቅ አልል አለው።

ሁለት ሰዓት ሲሆን ዙለይካ ሱቅ ደረሰ።

«አካም፣ ጋሽ ጀቤሳ! በጠዋት ምን እግር ጣለዎት?» አለችና ሞተሩን ተቀብላ አገላበጠችው። «ውይ! ምን አበሉት?»

«አላበላሁትም። አጠጣሁት።»

«ምን?»

«የአቢጃታን ውሃ።»

ዙለይካ ጠረጴዛውን ይዛ ሳቀች። «ከብት መሰለዎት እንዴ?»

ፊቱን አየችና ሳቋን ገታች።

«የሐይቁ ሶዳ ነው የነከሰው። ልክፈተው እንዳልል የመምህር ኑሬ ቀለም አለ። ቆይ እስኪ» ብላ ከጎረቤት ምግብ ቤት አንድ ብርጭቆ አቼቶ ተውሳ መጣች። ሞተሩን ስትነክረው ቅርፊቱ እየተንጣጣ ይለቅ ጀመር። በንጹሕ ውሃ አጠበችው፣ በአየር አደረቀችው፣ ዘንጉ ላይ ዘይት ጠብ አደረገችለት። ከባትሪ ጋር ስታገናኘው እንደ ጉንፋናም ሰው እያሳለ ዞረ።

«ይዞራል» አለች። «ይፈጥናል ግን አላልኩም።»

አራት ሰዓት ላይ ውድድሩ ተጀመረ። ስድስት መኪኖች፣ አሥር ዙር። የአብዱልጀባር መኪና ከፀሐይ የወጣ ባትሪዋን ይዛ ተወነጨፈች። የጀቤሳ ከኋላ ቀረች።

«ጀቤሳ! ተሳቢ ቀጥለህባታል እንዴ?» ብሎ ጮኸ አብዱልጀባር።

ጀቤሳ ዓይኑን ከመኪናዋ አልነቀለም። ኩርባው ደረሰ። ሪሞቱን ጭብጥ አድርጎ መገልበጧን ጠበቀ። መኪናዋ ግን ለመገልበጥ የሚያበቃ ፍጥነት አልነበራትም፤ ተንፏቃ ዞረች። በሁለተኛው ዙርም ዞረች። በሦስተኛው ላይ ትከሻው ረገብ አለ፤ የከባዱን መኪና መሪ እንደሚይዝ ሆኖ፣ ቀድሞ እያሰበ ያዞራት ጀመር።

አብዱልጀባር አንድ ዙር ሙሉ ደርቦት አለፈ፤ ከዚያም ተገለበጠ። ዙለይካ ሮጣ አነሳችለት። ደግሞ ተገለበጠ። «ፍጠኚ እንጂ!» ይላታል፤ እሷም «አንተ ቀስ በል እንጂ!» ትለዋለች። በመጨረሻው ዙር መኪናው ብሎኬት ገጭታ ጎማዋን ወደ ሰማይ ሰቅላ ስትሽከረከር፣ የጀቤሳ መኪና እያሳለች በአጠገቧ አለፈችና መስመሩን ረገጠች። አምስተኛ። አብዱልጀባር ስድስተኛ።

«ክስ አለኝ!» አለ አብዱልጀባር። «ሞተሩን አሽትቱት! ሰላጣ ሰላጣ ይላል!»

መምህር ኑሬ ሞተሩን አፍንጫቸው ጋ አስጠጉ። ቀለሙን በማጉያ መነጽር አዩ፤ አልተሰነጠቀም። ከዚያ ጀቤሳን ቀና ብለው አዩት። «ምን አድርገህበት ነው?»

መዋሸት ይችል ነበር። ዙለይካም አትናገርበትም። ግን በውሸት የተያዘ ሪሞት ይዞ በየሳምንቱ ከእነዚህ ሰዎች ፊት ሊቆም ነው። ያደታን፣ በሬውን፣ ሆራውን፣ አቼቶውን፣ አንዱንም ሳያስቀር ተናገረ። «እንዲፈጥን ብዬ ነው ያደረግሁት፣ መምህር። ከሰረዙኝ ይሰርዙኝ።»

ሜዳው በሳቅ ተናጋ። መምህር ኑሬ ብቻ አልሳቁም። የዙር መቁጠሪያቸውን አውጥተው ሞተሩን ለኩ።

«ስምንት ሺህ አራት መቶ» አሉ። «ሠላሳ ዓመት ሳስተምር ብዙ አጭበርባሪ አይቻለሁ። ራሱን ብቻ ያጭበረበረ ግን ገና ዛሬ አየሁ። ደንቡ የሚሰርዘው ከአሥራ ሁለት ሺህ ያለፈውን ነው። ውጤቱ ይጸናል።» ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ። «በደንቡ የከሰሰም ይለካል። አብዱልጀባር፣ ሞተርህን አምጣ።»

አብዱልጀባር ድንገት መኪናውን ደረቱ ላይ ለጠፋት። «ምን አስቸኮለን፣ መምህር? ክሱን ትቻለሁ። ሰላጣ መች ክልክል ሆነ!»

ዙለይካ አረንጓዴዋን የአንሺ ሰደርያ አውልቃ ራሷ አለበሰችው። «ያምርብሃል» አለችው። «ስጮህብህ ግን ፈጠን ትላለህ።»

አብዱልጀባር ፀሐይዋን አንጋጦ አየ። «መምህር፣ ደንቡ ስለ ጃንጥላ የሚለው ነገር አለ?»

መምህር ኑሬ ደብተራቸውን ገለጡ። «የለም።»

«ስለ ወንበርስ?»

ጀቤሳ ሪሞቱን በሁለት እጁ እንደያዘ ከሌሎቹ ጋር ሳቀ። ከዚያ ወደ መምህር ኑሬ ጠጋ ብሎ አዲሱ ውድድር በስንት ሰዓት እንደሚጀምር ጠየቃቸው።

«እንደ ሁልጊዜው፣ ቅዳሜ አራት ሰዓት ነዋ።»

«እኔ ሁለት ሰዓት ላይ እደርሳለሁ» አለ ጀቤሳ።

«በሁለት ሰዓት ማን ይኖራል ብለህ?»

«ግድ የለም» አለ። «ሜዳውን እጠርጋለሁ።»